ፈላስፋው ገጣሚን ሲዳኝ፦ ከዚራ ጥላ ሥር የገዛሁት መጽሐፍ

ይህን መጽሐፍ ያገኘሁት እዚህ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ከዛፎቹ ጥላ ሥር ነው። አንድ ልጅ መሬት ላይ ላስቲክ ዘርግቶ አሮጌ መጻሕፍት ይሸጣል። የማትሪክ መለማመጃ አለ፣ የጸሎት መጽሐፍ አለ፣ ሽፋኑ የተገነጠለ ልብ ወለድ አለ። ከሁሉም ሥር አንድ ወፍራም የሩሲያኛ መጽሐፍ ተጋድሟል። ጎንበስ ብዬ ጎተትኩት።

«እናቴ፣ እሱ እንኳን አይሆንሽም። ቋንቋው አይታወቅም» አለኝ።

«እኔ አውቀዋለሁ» አልኩት።

«አቦ! እንግዲያ ሲጠብቅሽ ነው የኖረው። 200 ብር ስጪኝ።»

ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም የለም። የልጅ ልጄ የሚሆነውም አንቺ ይለኛል፤ እኔም ደስ ይለኛል። በ150 ብር ተስማማን። ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ገጹን ሳገላብጥ ሙጫው በሙቀቱ ደርቆ ኖሮ አንዱ ጥራዝ እጄ ላይ ቀረ። እቤት ገብቼ በመርፌና በክር ሰፋሁት። አሁን ደህና ነው።

መጽሐፉ የቭላዲሚር ሶሎቭዮቭ ነው። ርእሱ በእኛ ቋንቋ «የሥነ ጥበብ ፍልስፍናና ሥነ ጽሑፋዊ ሂስ» እንደማለት ነው። የታተመው ሞስኮ በፈረንጆች 1991 ነው፤ ወደ 700 ገጽ ይሆናል። 1991 በእኛ አቆጣጠር 1983 እና 1984 መሆኑን አስቡት። እዚህ ደርግ ወደቀ፣ እዚያ ሶቪየት ኅብረት ፈረሰች። በዚያ ዓመት የታተመ መጽሐፍ እንዴት ድሬዳዋ እንደደረሰ ልጁ አያውቅም። እኔ ግን እገምታለሁ። እንደኔ ለትምህርት ሄዶ ሻንጣውን በመጽሐፍ ሞልቶ የተመለሰ ሰው ነው ያመጣው። ምክንያቱም ዳር ዳሩ ላይ በእርሳስ የተጻፈ አማርኛ አለ። ወደዚያ እመለሳለሁ።

እኔ ሶቪየት ኅብረት የሄድኩት በ1976 ዓ.ም. ነበር። መጀመሪያ ቮሮኔዥ ቋንቋ ተማርን፣ ከዚያ ካርኮቭ ፋርማሲ አጠናሁ። ቋንቋ በገባን በስድስተኛው ወር መምህራችን የፑሽኪንን «ያን ድንቅ ቅጽበት አስታውሳለሁ» በቃላችን እንድንወጣው አደረገችን። ከውጭ በረዶው ይወርዳል። እኛ የሐረርጌ ልጆች ሹራብ በሹራብ ላይ ደርበን የሩሲያኛውን ድምፅ እያምታታን እንወጣዋለን። እስከ ዛሬ በቃሌ አለ። ሶሎቭዮቭ የሚባል ስም ግን በትምህርት ቤት ሰምቼ አላውቅም። ሃይማኖተኛ ፈላስፋ ስለነበረ በዚያ ዘመን እንደ ልብ አይታተምም ነበር። ስለዚህ ይህን መጽሐፍ ስከፍት የዚያኔው ትምህርቴ የጎደለው ክፍል ተሞላ።

ሰውየው ማን ነው? በ1853 ተወልዶ በ1900 ሞተ (ከዚህ በኋላ «ዓ.ም.» ያላልኩበት ዓመት ሁሉ በፈረንጆች ነው)። አባቱ ትልቅ የታሪክ ጸሐፊ ነው። ራሱ ፈላስፋም ገጣሚም ነው። ደራሲው ዶስቶየቭስኪ ወዳጁ ነበር፤ በ1878 አብረው ኦፕቲና ገዳም ሄደዋል። በ1881 ንጉሠ ነገሥቱ አሌክሳንደር ሁለተኛ ሲገደሉ፣ አዲሱ ንጉሥ ገዳዮቹን በሞት እንዳይቀጣ በአደባባይ ተናገረ። ለዚያ ዋጋ ከፈለ፤ ማስተማሩም በዚያው ቀረ። አንዱን ታሪኩን ግን እዚህ ሰፈር ላለ ሁሉ ስነግር እኖራለሁ። በ22 ዓመቱ ካይሮ ሄደ። ረጅም ባርኔጣና ጥቁር ካፖርት እንደለበሰ ብቻውን በረሃ ገባ። ቤድዊኖች አገኙትና ሰይጣን መሰላቸው። በኋላ ለቀቁት፤ እሱም አሸዋው ላይ ተኛ። ሲነጋ ምድሩ ጽጌረዳ ጽጌረዳ ሸተተው፣ የሕይወቱን ትልቅ ራእይ አየ። ይህን ራሱ በግጥም ጽፎታል። የኛን በረሃ የሚያውቅ ሰው በካፖርት መግባቱ ይገርመዋል። ራእዩ ግን አይገርመውም።

ወደ ሂሱ ልግባ። ሶሎቭዮቭ ግጥምን የሚያነበው እንደ ጌጥ አይደለም። አንድ ገጣሚ «ተፈጥሮ ነፍስ አላት» ካለ፣ ሶሎቭዮቭ «አማረበት» ብሎ አያልፍም። «እውነት ነው ወይስ ውሸት?» ብሎ ይጠይቃል። እኔ ለዓመታት የጓጓሁለት ንባብ ይህ ነው።

መሠረቱን የጣለው በ1889 ስለ ተፈጥሮ ውበት በጻፈው ድርሰት ነው። ከሰልና አልማዝ ያነጻጽራል። ሁለቱም ካርቦን ናቸው፤ ይህን የፋርማሲ ሰው ሁሉ ያውቃል። እና ለምን አንዱ ምድጃ ውስጥ ይገባል፣ ሌላው ጣት ላይ ይደረጋል? ውድ ስለሆነ አይደለም ይላል ሶሎቭዮቭ። በቁሱ እንዳንል ቁሱ ያው ከሰል ነው። በብርሃኑ እንዳንል ብርሃን ሁሉም ላይ ያርፋል። የአልማዝ ውበት ቁስና ብርሃን ያለ መቀላቀል፣ ያለ መለያየት አንድ ሲሆኑ የሚወጣ ነው። እዚህ ቃል ላይ ስደርስ ዓይኔ ቆመ። ያለ መቀላቀል፣ ያለ መለያየት! ይህማ እሁድ እሁድ በቅዳሴ የምንሰማው ቃል ነው። ሰውየው የክርስቶስን ነገር የሚናገሩበትን ቃል ወስዶ ስለ ድንጋይ ተናገረበት። የሩሲያ ኦርቶዶክስና እኛ በክርስቶስ ባሕርይ ነገር በኬልቄዶን ጉባኤ ተለያይተናል፤ ቢሆንም ቃሉን ሳየው የማውቀው ሰው ድንገት መንገድ ላይ ያገኘሁ ያህል ደነገጥኩ።

ሌላም ምሳሌ አለው። በፍቅር ወራት ጣሪያ ላይ የሚጮኽ ድመትና የሌሊት ወፍ ያልሆነች፣ ሌሊት የምታዜም ትንሽ ወፍ አሉ። ፍላጎታቸው አንድ ነው። ወፏ ግን ፍላጎቱን ወደ ዜማ ለውጣዋለች። የድመቱን ነገር ለድሬ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ሁሉ ያውቀዋል።

አሁን የመጽሐፉ ልብ ወደሆነው ልምጣ። በ1895 ስለ ፊዮዶር ቲዩቼቭ የጻፈው ድርሰት ነው። ቲዩቼቭ ከ1803 እስከ 1873 የኖረ፣ ለዓመታት ሙኒክ በዲፕሎማትነት የሠራ ገጣሚ ነው። እንዲህ ይላል፤ ትርጉሙ የኔ ነው፦

«ተፈጥሮ እንደምትገምቷት አይደለችም፤
የቅርጽ ግልባጭ፣ ነፍስ የሌለው ፊት አይደለችም።
ነፍስ አላት፣ ነጻነት አላት፣
ፍቅር አላት፣ ልሳን አላት።»

ሶሎቭዮቭ ይህን ይዞ ጀርመናዊውን ሺለርን ያመጣል። ሺለር የግሪክ አማልክት ሞተው ተፈጥሮ ባዶ ቀረች ብሎ በግጥሙ አለቀሰ። ቲዩቼቭ ግን አላለቀሰም። ለምን? ሞታለች ብሎ አላመነማ። ልቡ የሚያየውን አእምሮው አይክድበትም። በሶሎቭዮቭ ዓይን የቲዩቼቭ ትልቅነት እዚህ ላይ ነው። ሌሎች ባለቅኔዎች ተፈጥሮን ሕያው አድርገው እየጻፉ በሆዳቸው «መቼም ግጥም ነው» ይላሉ። እሱ አላለም።

ከዚያ ሌሊት ይመጣል። በቲዩቼቭ ግጥም ቀን ማለት አማልክት በገደል ላይ የዘረጉት የወርቅ ልብስ ነው። ሌሊት ሲመጣ ልብሱን ይገፈዋል። ገደሉ ይታያል። የሌሊቱን ነፋስ «እነዚያን አስፈሪ ዜማዎች አታዚምብኝ» ብሎ ይለምነዋል። መጨረሻው ላይም የተኙትን ማዕበሎች አትቀስቅስ፣ ከሥራቸው «ሐኦስ» ይላወሳል ይላል። ሐኦስ የሚለውን ትርምስ ልበለው? ሁከት? ገና አላገኘሁለትም። ዓለም ሳይሠራ በፊት የነበረው፣ አሁንም ከሥር ያለው ጨለማ ኃይል ነው። ሶሎቭዮቭ ይህ ጨለማ የሁሉ ነገር ሥር ነው ይላል። ውበትም ያለ እሱ አይቆምም። ባሕር በማዕበል የሚያምረው ከሥሩ ያ ኃይል ስላለ ነው።

ይህን ሳነብ መጽሐፉን አስቀመጥኩት። ዳቻቱ ነው የታየኝ።

ለማያውቅ ሰው፣ ዳቻቱ ከተማችንን ለሁለት የሚከፍል ወንዝ ነው። ወንዝ ይባል እንጂ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ደረቅ አሸዋ ነው። ሰው ይሻገርበታል፣ ግመል ይነዳበታል፣ ይነገድበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ሲያልቅ፣ በሌሊት፣ ከላይ ከደጋው የዘነበው ዝናብ በዚያ አሸዋ መጣ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ቀን የምንረግጠው አሸዋ የወርቁ ልብስ ነበር ማለት ነው። ከሥሩ የሚላወሰውን ያየነው በዚያ ሌሊት ነው።

ጎረቤቴ በዚያ ጎርፍ ታናሽ እህቷን አጥታለች። አንድ ቀን ከሰዓት፣ ሱቁ ሁሉ በሙቀት ተዘግቶ ሰው ጋደም በሚልበት ሰዓት፣ ሻሂ ይዛ መጣች። የነፋሱን ግጥም እየተረጎምኩ አነበብኩላት። ዝም ብላ ሰማች። ሲያልቅ፣ «ሰውየው ዳቻቱን አይቶታል እንዴ?» አለችኝ። አላየውም አልኳት። «አይ፣ አይቶታል» አለች።

የሶሎቭዮቭን ማብራሪያ አላነበብኩላትም። እሷ በአንድ አረፍተ ነገር ደርሳበታለች። ግን እኔ ያን ግጥም እንዳነበው ያደረገኝ ሶሎቭዮቭ ነው። ቮሮኔዥ እያለሁ ቲዩቼቭን የጸደይ ነጎድጓድ ገጣሚ ብቻ አድርጌ ነበር የማውቀው። ስለዚህ ለዚህ ድርሰት ብቻ 150 ብሩ አይቆጨኝም፤ 500 ቢለኝም እከፍል ነበር።

ስለ ገጣሚው ፌት የጻፈው ሞቅ ያለ ነው። ፌት ወዳጁ ነበር። በ1883 የወጣውን «የምሽት ብርሃናት» የተባለ የግጥም መድበል ሲያሰናዳ ሶሎቭዮቭ ረድቶታል፤ ፌትም የመጽሐፉ መሐንዲስ ብሎ ጠርቶታል። ሶሎቭዮቭ ሲወድ ለስላሳ ነው። በዚህ ክፍል የምጨምረው የለኝም፣ አንብቡት።

ስለ ገጣሚው ሌርሞንቶቭ የጻፈው ግን ያስቸግራል። መጀመሪያው ግሩም ነው። «ሕልም» የተባለችውን የ1841 ግጥም ይዞ ያሳየናል። ሰውየው በዳግስታን ሸለቆ በጥይት ተመቶ ሲሞት ራሱን በሕልሙ ያያል። የሚሞተው ሰው ደግሞ አገር ቤት ያለች ሴት በሕልሙ ያያል። ሴቲቱም በሕልሟ እሱ ሸለቆው ውስጥ ሲሞት ታያለች። ሕልም በሕልም ውስጥ፣ ያም በሌላ ሕልም ውስጥ። ሌርሞንቶቭ በዚያው ዓመት በሐምሌ፣ በ26 ዓመቱ ፒያቲጎርስክ አጠገብ በጥይት ተገደለ። ሶሎቭዮቭ ይህን ሲያነብ የሚያነበንብ ቄስ ይመስላል። ከዚያ ግን ፊቱ ይለወጣል። የትዕቢት ጋኔን፣ የጭካኔ ጋኔን እያለ ልጁን ይከሰዋል። የጀርመናዊው ፈላስፋ የኒቼ መንገድ ጠራጊ ያደርገዋል። የተሰጠውን ስጦታ አልተጠቀመበትም ይላል። 26 ዓመት! እኔ በ26 ዓመቴ ገና የመድኃኒት ስም በቃሌ እየያዝኩ ነበር።

እና አሁን ፑሽኪን። ለእኛ ፑሽኪን ሌላ ነገር ነው። ቅድመ አያቱ አብራም ሃኒባል ከመረብ ወዲያ የተወሰደ ልጅ ነው የሚሉ አሉ፣ አይ ከቻድ ሐይቅ አካባቢ ነው የሚሉም አሉ። ራሱ ፑሽኪን «ከአፍሪካዬ ሰማይ ሥር» ብሎ ጽፏል። አዲስ አበባ አደባባይ በስሙ አለ። ስለዚህ «የፑሽኪን ዕጣ» የሚለውን የ1897 ድርሰት የጀመርኩት የዘመድ ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው ነው።

ሶሎቭዮቭ እንዲህ ይላል። ፑሽኪን ሁለት ሰው ነበር። እኔ በበረዶ ውስጥ በቃሌ የያዝኩት ግጥም፣ የ1825ቱ፣ አንዲትን ሴት «የንጹሕ ውበት መንፈስ» ይላታል። ስለዚያችው ሴት ለወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ ግን «የባቢሎን ጋለሞታ» ይላታል። ሶሎቭዮቭ ግጥሙ ውሸት ነው አይልም። ያንን ቅጽበት በእውነት አይቷል ይላል። ያየውን ግን ወደ ኑሮው አላመጣውም። ይህ ያማል፤ ግን እውነት ያለበት ይመስለኛል።

ከዚያ ወደ ሞቱ ይሄዳል። በሚስቱ ምክንያት ዳንቴስ ከሚባል ፈረንሳዊ መኮንን ጋር ተጣላ። ለንጉሠ ነገሥቱ ሳያሳውቅ እንዳይጋጠም ቃል ገብቶ ነበር። ቃሉን አፈረሰ። በ1837 ጥር በረዶ ላይ ተታኮሱ። ፑሽኪን ቆስሎ ወደቀ፣ ወድቆም ተኮሰ። ዳንቴስ ሲወድቅ ፑሽኪን «ብራቮ!» አለ። ዳንቴስ ግን በቀላሉ ነበር የቆሰለው። ሶሎቭዮቭ ይህችን ቅጽበት ይዞ አይለቅም። ፑሽኪንን የገደለው የጠላት ጥይት አይደለም ይላል፤ ያን ጊዜ ያወጣው የገዛ ቁጣው ነው። ዳንቴስን ገድሎ ቢተርፍ ኖሮ ደግሞ፣ በደም እጁ ንጹሕ ግጥም መጻፍ አይችልም ነበር ይላል። ፑሽኪን ራሱ በ«ሞዛርትና ሳሊየሪ» ተውኔቱ ሊቅነትና ክፋት አብረው አይሄዱም ብሎ አልነበር? ስለዚህ ዕጣው ደግ ነበረች። ከቆሰለ በኋላ ሁለት ቀን ያህል ሰጠችው። በእነዚያ ቀናት ይቅር አለ፣ ንስሐ ገባ፣ በሰላም ሄደ።

ይህ በአማርኛ ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። «ለበጎ ነው።»

ጎረቤቴ ድንኳን ውስጥ በተቀመጠችበት ሳምንት አንድ ሰው መጥቶ እንዲሁ አላት። ክፉ ሰው አይደለም። ሊያጽናና ነው። «እግዜር ያወቀው ነው፣ ለበጎ ነው» አለ። ከዚያም እህቷ ለምን ወንዙ ዳር ቤት እንደተከራየች መጠየቅ ጀመረ። እሷ ቀና ብላ አላየችውም። ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። እኔ አጠገቧ ነበርኩ፣ እጇን ይዤ። እጇ እንዴት እንደቀዘቀዘ ዛሬም አስታውሳለሁ።

ለበጎ ነው የሚለውን ቃል እኔም እጠቀምበታለሁ። በራሴ ላይ የደረሰውን ለራሴ ስናገር። ባለቤቴ ያረፈ ጊዜ ያቆመኝ ቃል ነው። በሌላ ሰው ሬሳ ላይ ቆሞ መናገር ግን ሌላ ነው። ሶሎቭዮቭ ያደረገው ይህንን ነው። ከ60 ዓመት በኋላ ወደ ፑሽኪን ድንኳን ገብቶ፣ መጀመሪያ «ለበጎ ነው» አለ፤ ቀጥሎ «መቼም ራሱ ያመጣው ነው» አለ። ያኔም ብዙ ሰው ተቆጥቶበታል። እኔም ተቆጣሁ።

ግን አንድ ነገር ልጨምር፤ ፍርዴ እንዳይዛባ። ሶሎቭዮቭ ይህን የጻፈው ፑሽኪንን ስለናቀ አይደለም። የሚወደው ገጣሚ ነው። የሚጽፈውም ሞቱን ትርጉም የለሽ አድርጎ መተው ስላቃተው ነው። ይህ ይገባኛል። ድንኳን ውስጥ የገባው ያ ሰውዬም ይኸው ነበር ችግሩ። ዝም ማለት አልቻለም። ሦስት ጊዜ ነው ድርሰቱን ያነበብኩት። በሦስተኛው ቁጣዬ ትንሽ በረደ፣ ሐሳቤ ግን አልተለወጠም። በጠመንጃው ፊት የቆመውን፣ ሚስቱ በሐሜት የተሰቃየችበትን፣ 38 ዓመት ያልሞላውን ሰው አላየውም። ያየው አንድ ምሳሌ ነው።

አሁን ወደ እርሳሱ ጽሑፍ። ከእኔ በፊት የነበረው ባለቤት የቲዩቼቭን ድርሰት ከዳር እስከ ዳር አስምሮበታል። የፑሽኪኑ ላይ ግን፣ ዕጣው ደግ ነበረች የሚለው ቦታ ላይ፣ በትንንሽ ፊደል በአማርኛ «አይደለም» ብሎ ጽፏል። ሁለት ጊዜ። አንዱን ጠበቅ አድርጎ፣ እርሳሱ ወረቀቱን እስኪበሳው። ማን እንደሆነ አላውቅም። ምን ደርሶበት እንደጻፈው አላውቅም። እኔ ከሥሩ ቀኑን ጽፌ «እኔም» አልኩበት።

ስለ ግዢው ላላችሁ ጥያቄ፦ ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል፣ ፊደሉ ግን ደህና ነው፤ መነጽር ያለው ሰው አይቸገርም። ቋንቋው ከባድ አይደለም። ፈላስፋ ነው ብላችሁ አትፍሩ፤ ሲጽፍ ሰው እንደሚያጫውት ነው። ግጥሙን መሐል መሐል ስለሚጠቅስ መድበል ፍለጋ አትሄዱም። ሩሲያኛ ለማይችል በእንግሊዝኛ የተተረጎሙ አንዳንድ ድርሰቶቹ አሉ። በአማርኛ አላየሁም። የቲዩቼቭን እኔ በደብተር ጀምሬዋለሁ። 14 ገጽ ደርሻለሁ። ያ «ሐኦስ» የሚባል ቃል ነው የያዘኝ። ጎረቤቴን ስጠይቃት «ዳቻቱ በይው» አለችኝ፤ እስካሁን በቅንፍ ውስጥ እንደዚያ ብዬ ይዤዋለሁ።

ድሬ ወይም ሐረር ያላችሁ፣ ሩሲያ ተምራችሁ የመጣችሁ፣ መጽሐፉን ማየት ከፈለጋችሁ ቅዳሜ ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ ከዚራ ኑ። ከልጁ ላስቲክ አጠገብ ሻሂ ቤት አለ፤ ጣፋጩ ሙሸበክም አይጠፋም። እዚያ አለሁ። የፑሽኪኑን ድርሰት አብረን እናነባለን፤ በሐሳቤ የማይስማማ ሰው ቢመጣ ደግሞ ይበልጥ ደስ ይለኛል። እርሳስ ይዛችሁ ኑ፣ ዳሩ ላይ ገና ብዙ ባዶ ቦታ አለው።